የፊት በርና የጓሮ በር

አመሻሽ ላይ አዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚሳፈረው ሰው በአንድ ረድፍ ተሰልፎ፣ አስፋልቱን ተከትሎ፣ የሱቅ ደጆችን እያለፈ፣ ቦታ ሲጠበውም በራሱ ላይ እየታጠፈ ይቆማል። አስኮ ላይ ወደ ቡራዩ፣ አየር ጤና ላይ ወደ ዓለም ገናና ወደ ሰበታ የሚሄደውም እንዲሁ ነው። ገመድ የዘረጋለት፣ ቁጥር ያደለው የለም። ተራ አስከባሪ አለ፤ የእሱ ሥራ ግን በአብዛኛው የመኪኖቹን ተራ መጠበቅ ነው። የሰዎቹን ተራ የሚጠብቁት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። አንዱ ከፊት ሾልኮ ሊገባ ቢሞክር "ወንድሜ፣ ሰልፉ ከወዲያ ነው" የሚል ድምፅ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣበታል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ስትመጣ ወይም ሽማግሌ ሲመጡ ደግሞ ያው ሰልፍ ማንም ሳይነግረው ቦታ ይለቃል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ከዚህም የሚበልጥ ነገር ይታያል። ቦኖው ደጃፍ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው አጠገባቸው የሉም። አንዷ እንጀራዋን ልትጋግር ገብታለች፣ አንዱ ትምህርት ቤት ሄዷል። ጀሪካኑ ብቻውን ወረፋውን ይዟል፤ ረድፉ ሲንቀሳቀስ የጎረቤት እጅ ወደ ፊት ገፋ ያደርግለታል። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ድንጋይና ጣሳ አስቀምጠው ለሳሙናና ለስኳር ወረፋ የያዙ ወላጆቻችን ያወረሱን ልማድ ነው። ወረፋ አናውቅም ማለት ራሳችንን ያለ ጥፋታችን መስደብ ነው።

ታዲያ እነዚሁ ሰዎች የዘይት መኪና የመጣ ዕለት፣ ወይም "ታላቅ የዋጋ ቅናሽ" የሚል ጨርቅ የተሰቀለ ዕለት ለምን ይጋፋሉ? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ከጳጉሜን እስከ መስቀል ማግስት አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ወደ ሦስቱ የተመላለስኩት። ሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ በሚባለው አንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል፤ ነዋሪው ግን አሁንም በየስማቸው ነው የሚጠራቸው። እነዚህን ከተሞች የመረጥኩት በምክንያት ነው። በውስጣቸው ከሚኖረው ሰው ብዙው የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ሸሽቶ የወጣ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ከተማ የሚገባ፣ ከመሸ በኋላ የሚመለስ ነው። ሰልፍ የሚቆምበት ጊዜ የለውም፤ ሰልፍ ሳይቆም ከነጋዴ የሚገዛበት ገንዘብ ደግሞ የለውም። ተከራይ ስለሆነም ብዙ ጊዜ የነዋሪነት መታወቂያ ስለማይኖረው በሸማቾች ማኅበሩ ደብተር ላይ ስሙ አይገኝም። የሰልፍ መፍረስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው እሱን ነው።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች የጳጉሜን ጠዋት ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ከመንገዱ ዳር ሯጮች ጭጋጉን እየሰነጠቁ ያልፋሉ፤ ወተት የጫኑ መኪኖች ወደ አዲስ አበባ ይወርዳሉ። በአንድ የሸማቾች ሱቅ ደጃፍ ረጅም ሰልፍ አየሁና ከታክሲ ወረድኩ። ዘይት ገብቷል የሚል ወሬ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ስለተሰማ ከንጋቱ 12 ሰዓት የቆሙም ነበሩ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ለሌላ ሰው ወረፋ ይዘው የሚከፈላቸው ልጆች አሉ። የሸማቾች ማኅበር ደብተራቸው እንዳይርስ በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠዋል።

የሱቁ መስኮት በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ከፍርግርጉ ወዲያ ባንኮኒ አለ፤ ከባንኮኒው ወዲያ ወደ መጋዘኑ የሚያስገባ በር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያይ የለም። ከሰልፉ መካከል አንዲት ነጠላ የተከናነቡ እናት ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው "የኔ ልጅ፣ ይደርሰን ይሆን?" ብለው ጠየቁ። ሻጯ ከስልኳ ቀና ሳትል "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጠብቂ" አለቻቸው። እናቷ ለሚሆኑ ሴት፣ "ጠብቂ"። ከኋላዬ የነበረች ወጣት በሐፍረት ፊቷን አዞረች። እኚያ እናት ግን ምንም ሳይመልሱ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ሰልፉ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ይህን አስምሬበት ማለፍ እፈልጋለሁ። ዝናብ እየጣለበት፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ ማንም ማንንም አልቀደመም። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን አንድ ልጅ ከሱቁ ጎን ካለው ጠባብ መተላለፊያ እየሮጠ መጣና "በጓሮ እየወጣ ነው!" ብሎ ጮኸ። ዘወር ያሉት ሰዎች ካርቶን የጫነ ባጃጅ ከግቢው ወጥቶ ወደ ዋናው መንገድ ሲታጠፍ አዩት። ከዚያ በኋላ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። በኦሮምኛ "ደበሬ ኮ ቲ!" (ተራዬ ነው!) የምትል ሴት አለች፤ "እኔ ነኝ ቀዳሚ!" የሚል አለ፤ ጃንጥላ ተሰበረ፤ አንዱ ሕፃን አለቀሰ። ሻጯ የመስኮቱን መዝጊያ ዘጋችና ከውስጥ ሆና "በዚህ ዓይነት አንሸጥም!" አለች። እኚያ ነጠላ ለባሽ እናት ተገፍተው ወድቀው ነበርና ሁለት ሆነን ስናነሳቸው "እኔስ ደኅና ነኝ ልጆቼ፣ ደብተሬን ፈልጉልኝ" አሉን። ደብተሩ ጭቃ ውስጥ ተረግጦ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ፣ ስማቸውና የቤት ቁጥራቸው ያለበት፣ ለሁለት ተቀዷል።

በዚያች ቅጽበት የቆሙትን ሰዎች ሥርዓት አልባ ብሎ መፍረድ ይቀላል። እኔ አልፈርድባቸውም። የታክሲው ሰልፍ ለምን እንደሚጸና ስናስብ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሚኒባስ 12 ሰው እንደሚጭን ሁሉም ያውቃል። 30ኛ ላይ የቆመ ሰው ሦስተኛው መኪና እንደሚደርሰው በጣቱ ይቆጥራል። መኪናው ፊት ለፊቱ ይመጣል፣ ፊት ለፊቱ ይሞላል፣ ፊት ለፊቱ ይሄዳል። ቦኖውም እንዲሁ፦ ውኃው ሲቀዳ ይታያል፣ የቀደመው ጀሪካን ስንት እንደሆነ ይቆጠራል። የሱቁ ሰልፍ ግን የሚቆጥረው ነገር የለውም። ውስጥ 200 ጀሪካን ዘይት ይኑር 20 የሚያውቀው ከፍርግርጉ ወዲያ ያለው ሰው ብቻ ነው። መቁጠር ያልቻለ ሰው ትዕግሥቱን በእምነት ላይ ብቻ መጣል አለበት፤ ያ እምነት በጓሮ በር ሲወጣ እያየ ቆሞ እንዲጠብቅ መጠየቅ ግፍ ነው።

ፍርሃቱም ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ባለ 5 ሊትር ዘይት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 1,000 ብር ሲገባ ያየ፣ ያንንም አጥቶ ከሱቅ ሱቅ የዞረ ሰው ነው ዛሬ የሚሰለፈው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ፣ በዚያ ሰሞን ጠዋት የተጠየቀው ዋጋ ከሰዓት ተለውጦ፣ አንዳንዱ ነጋዴ ዕቃውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ "ዋጋ አልወጣለትም፣ አልሸጥም" ሲል ሰምቷል። ዛሬ ያልገዛው ነገር ነገ በዛሬው ዋጋ እንደማይገኝ የኑሮ ልምዱ አስተምሮታል። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ዕቃ መደበቅ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጯ ብቻዋን ተቀምጣ ሻይ በዳቦ ትበላ ነበር፤ የጠዋቱ ቁጣ ፊቷ ላይ የለም። መጀመሪያ ተጠራጠረችኝ፤ ቆይቶ ግን አወጋችኝ። "ስንት እንዳለ ብናገር ቀድመው የሚመጡት የሚያዙኝ ሰዎች ናቸው" አለችኝ። "ስልክ ይደወላል። ለእገሌ አምስት አስቀምጪ፣ ለእገሌ አሥር ይላሉ። እምቢ ብል ነገ እዚህ የለሁም። ሰልፉን ቀና ብዬ ባይ ደግሞ ምን እላቸዋለሁ? ስለዚህ ስልኬን አያለሁ።" ቀና የማትልበትን ምክንያት ያኔ ተረዳሁ። አንድ ሰው የሚያፍርበትን ሥራ ሲሠራ የሚያሳፍሩትን ሰዎች መቆጣት ይጀምራል። ይህ በእኚያ እናት ላይ የደረሰውን አያቀልለውም። የክፉ መስተንግዶ ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ከሻጩ ጠባይ ይልቅ ሻጩ እንዲደብቅ የታዘዘው ነገር ላይ እንደሚገኝ አሳይቶኛል።

ወደ ሰበታ የወረድኩት እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው። ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ከዓለም ገና ጀምሮ በጅማ መንገድ ግራና ቀኝ ቢራው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረቱ፣ የአበባ እርሻው ተደርድሯል። የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ማታ ፈረቃ ሲለወጥ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በአንድ ጊዜ ወደ ከተማው ይፈሳሉ። ደመወዝ የተከፈለበት ሳምንት ከሆነ ሱቆቹ ይህን ያውቃሉና ድምፅ ማጉያቸውን ደጅ ያወጣሉ፦ "ቅናሽ! ቅናሽ! ዛሬ ብቻ!"

የገባሁበት የጫማና የልብስ ሱቅ አፍ እስከ ገደፉ ሰው ሞልቶበት ነበር። ዋጋው በወረቀት ተጽፎ የቀድሞው በቀይ ተሰርዟል። ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ የቆመ ጥበቃ ዓይኑን ከገዢው እጅ ላይ አይነቅልም፤ ሌባ ነው የሚጠብቀው። ገንዘብ መቀበያው አንድ ነው፤ ወደ እሱ የሚያደርስ ሰልፍ ግን የለም። ብሩን ከሰው ትከሻ በላይ አሻግሮ የዘረጋ ቀድሞ ይስተናገዳል። ክንዱ ረጅም የሆነ፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ፣ ገንዘብ ተቀባዩን በስም የሚጠራ ይቀድማል። አንዱ ደግሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ "በቴሌብር ልኬያለሁ፣ እየው፣ ገብቷል" እያለ ሁሉንም አልፎ ሄደ። ሁለት ልጆቿን የያዘች እናት አንድ ቦርሳ አቅፋ እንደቆመች ብዙ ሰው አለፋት። አንድም ቃል አልተናገረችም። ብዙ ጊዜ የደረሰባት ሰው ዝምታ ነበር።

አንዲት የፋብሪካ ልብሷን ያልቀየረች ልጅ ጫማ ልትለካ ስትጎነበስ ሻጩ "የቅናሽ ዕቃ አይለካም፤ ትገዣለሽ ወይስ ዝም ብለሽ ነው?" አላት። ከኋላዋ ይገፏታል፣ ከፊቷ ይቆጧታል፤ ገዛችው። ደጅ ወጥታ ከፌስታሉ ስታወጣው የቀኝ እግሩ ሶል ከፊት በኩል ማስቲሹ ለቆ አፉን ከፍቷል። ተመልሳ ገባች። መልሱ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ደረሰኝ ጠየቀች፤ "በቅናሽ ለሸጥነው ደረሰኝ የለም" ተባለች። ልጅቷ ወደ ማዕዘኑ ሄዳ ከአንድ ጫማ ሰፊ ፊት ተቀመጠች። ሰውየው ሶሉን በወስፌ እየወጋ ዙሪያውን በክር ሰፋላት፤ ገና ያልተረገጠ አዲስ ጫማ። ለስፌቱ በከፈለችው ቅናሽ የተባለው ብር ግማሹ እዚያው ቀለጠ።

በኢትዮጵያ ሕግ ይህ ሁሉ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፤ ከእሱም በፊት በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 685 ነበር። የ2006ቱ አዋጅ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዕቃውን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ እንዲገዛ ያለመገደድ መብት ይሰጠዋል። ከዚያም ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ያክላል፦ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማስፈራራት የመጠበቅ መብት። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችልም ይደነግጋል። የዚያች ልጅ 15 ቀን ከሱቁ በር እስከ ጫማ ሰፊው ወንበር ድረስ እንኳ አልቆየም። አክብሮት በሕግ የተጻፈ መብት መሆኑን ስነግራት ለአፍታ ዝም አለችና "ማን ነው እሱን የሚያስፈጽምልኝ? እኔ ነገ ጠዋት ፈረቃ አለኝ" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በየሱቁ ግድግዳ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ከሚለው ጎን የአዋጁ የመብት ዝርዝር እንዲለጠፍ ማስገደድ የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቃቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነው፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም።

የቅናሽ ግፊያ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ ከዚህ የከፋም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 2008 በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ከአንድ ትልቅ መደብር ደጃፍ ሌሊቱን ለቅናሽ ሲጠብቅ ያደረው 2,000 ገደማ ሰው፣ ሊነጋጋ ሲል በሩን ገፍቶ ሰብሮ ሲገባ አንድ የመደብሩ ጊዜያዊ ሠራተኛ ተረግጦ ሞቷል። ሀብታም አገር ነው፤ ሰዎቹም በሌላ ቀን ወረፋ የሚያከብሩ ናቸው። ጥቂት ዕቃ ለብዙ ሰው ተለፍፎ፣ ማን ስንተኛ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ በሩ ብቻ ዳኛ ሲሆን የሚከተለው በየትም ያው ነው። የአገልግሎት አሰጣጥ ተመራማሪው ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ወረፋ ሥነ ልቦና በጻፈው ጽሑፍ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ያልታወቀ ጥበቃ ከታወቀው፣ ምክንያቱ ያልተነገረው ከተነገረው፣ ፍትሕ የጎደለውም ፍትሕ ካለው ይረዝማል ብሎ ነበር። የሱሉልታዎቹ እናቶች ሦስቱንም በአንድ ጠዋት ጠብቀዋል።

ቡራዩ ላይ ያየሁት ግን ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ያገኘሁትም ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። በአምቦ መንገድ አስኮን አልፈው ኬላ ሲደርሱ መንገዱ ዳር ሁሉ ገበያ ነው። ከዚያ መካከል ብዙዎች ትርምስ ነው ብለው የሚሸሹት የቦንዳ ልብስ አለ። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ደሃው የሚለብሰው በአብዛኛው እሱን ነው። ቦንዳው ሸራ ላይ ተቀምጦ ማሠሪያው ገና ሳይቆረጥ ሰው ይከበዋል። ሻጩ እላዩ ላይ ቆሞ ይናገራል፦ የሚፈታው አንድ ቦንዳ ነው፣ የሕፃናት ሹራብ ነው፣ መጀመሪያ የሚመርጥ ይህን ያህል ይከፍላል፣ ከምሳ በኋላ በግማሽ፣ ማታ የቀረው በድምር። ማሠሪያውን የሚቆርጠው ሁሉም እያየው ነው። የሚቀድሙት ቸርቻሪዎች ናቸው፤ ውድ ከፍለው አማርጠው ይሄዳሉ። ገንዘብ ያጠረው ከሰዓት ይመጣል። ጫጫታው ብዙ ነው፣ ክርንም ይነካል። ሆኖም ጠብ አላየሁም። ዕቃው ያለው ሸራው ላይ ነው፤ ጓሮ የለውም።

ከዚያ ብዙም ሳልርቅ፣ ወደ አሸዋ ሜዳ በሚወስደው በኩል፣ ዘይትና ዱቄት በሚሸጥ አንድ መካከለኛ ሱቅ ደጃፍ ሰልፍ አየሁ። ሃያዎቹን ያጋመሰ የሚመስል ወጣት ብቻውን ነው የሚሸጠው። በሩ ላይ በተሰቀለ የካርቶን ቁራጭ ላይ በእስክሪብቶ "25 ካርቶን ገብቷል። 100 ጀሪካን። ለአንድ ሰው አንድ" ብሎ ጽፏል። አንድ ካርቶን አራት ባለ 5 ሊትር ይይዛል። መሸጥ ከመጀመሩ በፊት ከሰልፉ ፊት ተነስቶ እስከ ጫፍ እየሄደ፣ ከካርቶን የቆራረጣቸውንና ከ1 እስከ 100 ቁጥር ጽፎ የፈረመባቸውን ቁራጮች አደለ። 100 ሲያልቅ ከኋላ ለቆሙት "አባባ፣ እማማ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የዛሬው እዚህ ላይ አበቃ። ዝም ብላችሁ አትቁሙብኝ፤ ሲመጣ በሩ ላይ እጽፋለሁ" አላቸው። ያጉረመረሙ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ "ቀድመህ ብትነግረን ኖሮ" ብለው ቆጣ አሉ፤ እሱም "እውነትዎን ነው ጋሼ" አላቸው። ግን ሄዱ። ከሄዱት መካከል አንዷ "ቢያንስ ምሽቴን አልበላብኝም" ስትል ሰማሁ።

ቁጥር ከተያዘ በኋላ ሰልፉ ተለወጠ። ሰዎች ተቀመጡ፤ አንዷ ልጇን አጥብታ መጣች፤ 60ኛው ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ሻጩ ልጅ የሸጠውን እያጠፋ የቀረውን ይጽፋል፦ 70፣ 55፣ 40። የዘይቱን ጀሪካን ባንኮኒው ላይ አኑሮ ክዳኑን በእጁ ያጠብቅና "ይመልከቱት፣ አይፈስም" ይላል፤ ዝርዝር ሲያጥረው በማስቲካ ፈንታ "10 ብር አለብኝ" ብሎ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ይሰጣል። ሰዓቱን የመረጠው ራሱ ነው፤ ጭነቱ ጠዋት ቢመጣም የሚሸጠው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ ከአዲስ አበባ የሚመለሰው ሰው ሲደርስ ነው።

የቀረው ጀሪካን 12 ገደማ ሲደርስ መኪናውን ደጅ ያቆመ ሰው ገባና በስሙ ጠርቶት አምስት ጀሪካን እንዲያወጣለት ነገረው። ልጁ ገና ሳይመልስ 89ኛዋ ሴት ቁራጯን ከፍ አድርጋ "ወንድሜ፣ ቁጥር አለህ?" አለችው። ሌሎቹም ቁጥራቸውን አወጡ። ልጁ ወደ በሩ ጽሑፍ ብቻ አመለከተ። ሰውየው ተበሳጭቶ፣ ለባለቤቱ እደውላለሁ ብሎ ወጣ። ሱሉልታ ላይ ስልኳን ስታይ የዋለችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ያቺ ልጅ ከዚህኛው ያነሰ ልብ ያላት አይመስለኝም። የእሱ ሰልፍ ቁጥር ስለያዘ እምቢታውን ለብቻው አልተሸከመም፤ የእሷ ሰልፍ ምንም ስለማያውቅ ሊረዳት አልቻለም።

ሱቁን ሲዘጋ እያገዝኩት ስንጨዋወት ባለቤቱ መጀመሪያ ላይ እንዳልወደደለት ነገረኝ። ያልወደደበት ምክንያት ለዘመድ የሚቀር ስለጠፋ ነበር። ኋላ ግን ሰው ለዘይቱ መጥቶ ዱቄቱንም፣ ምስሩንም ከዚሁ መግዛት ሲጀምር ዝም አለው። አንድ ሰው ጨምርልኝ ቢለው ግን እስካሁን አልጨመረለትም፤ ስለዚህ ቁጥር እያደለ፣ እየሸጠ፣ ሒሳብ እየያዘ፣ በሩንም የሚጠብቀው ብቻውን ነው። አሁን ያሳሰበው ሌላ ነገር ነበር። ከዚህ በፊት በአንድ ጭነት ጊዜ አንድ ሰው ከተመሳሳይ ካርቶን ቆርጦ ፊርማውን በማስመሰሉ ሁለት 37ኛ ቁጥር ተገኝቷል። ሁለቱም እኔ ነኝ አሉ፤ ለሁለቱም ሰጥቶ 100ኛዋን ሴት ባዶ እጇን መለሰ፤ በሚቀጥለው ጭነት የመጀመሪያውን ቁጥር ለእሷ አስቀምጦላታል። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የእስክሪብቶውን ቀለም ይቀያይራል፤ አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ። ይህም እንደማያዋጣው ገብቶታል። የሱቁ ስም ያለበት ትንሽ ቲተር ለማሠራት ስንት እንደሚፈጅ፣ ለዚህስ ንግድ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ማኅተም የሚቀርጹ ሰዎች የት እንዳሉ ነገርኩት፤ ሰኞ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሲገባ በዚያው ሊያልፍ አስቧል።